መርዶ ያስቆሙት እትዬ አስካለ

የእትዬ አስካለን ማረፍ የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ኮሌጅ የገቡ አዲስ ተማሪዎችን ሰብስቤ መጽሐፍ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ከመጽሐፍ የወሰዱትን ነገር ከየት እንዳገኙት እንዴት እንደሚገልጹ በማስተምርበት ሰዓት የእህታቸው ልጅ ስልክ ደወለች። «እትዬ አረፉ። ቀብሩ ዛሬ ነው፣ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም» አለችኝ። ወደ ክፍሉ ተመልሼ አስተማሪዬ መሞታቸውን ነገርኳቸው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ «ምን ነበር ያስተማሩዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ ሌላ ሰው ናቸው፤ ሒሳብም ያሳዩኝ ሌላ ናቸው። እትዬ አስካለ ያስተማሩኝ ነገር ያኔ ስም አልነበረውም። ዛሬ ኮሌጁ «የምርምር ዘዴ» ይለዋል፤ እኔም ለእሱ ደመወዝ ይከፈለኛል። «አሁን ያስተማርኳችሁን» አልኩትና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «በሕዝብ ዘንድ እጅግ የተወደዱ ነበሩ» ተባለ። እሳቸው ቢሰሙ ኖሮ «በየትኛው ሕዝብ?» ብለው አንባቢውን ባስቆሙት ነበር። እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው አይወዳቸውም ነበር። ማኅበር ላይ አንዱ ጥሩ ወሬ ጀምሮ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሲያቆም፣ እሳቸው ግራ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ይሉታል። ወሬው እዚያው ይሞታል። ሰፈሩ «ችሎት» የሚል ስም አውጥቶላቸው ነበር። ከሩቅ ሲመጡ ካየን «ዝም በሉ፣ ችሎት ተሰየመ» እየተባባልን እንስቅ ነበር። ስሙ ደርሷቸዋል፤ አልተቀየሙም። «ከሐሜተኛ ችሎት ይሻላል» አሉ አሉ። ይህን ግን በጆሮዬ አልሰማሁም፤ የነገረችኝ እናቴ ናት።

አባታቸው ዳኛ ነበሩ። ልጅቷ አስካለ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ስትፈትል፣ ተሟጋቾች ነጠላቸውን አደግድገው ሲሟገቱ፣ ምስክሮች ቀርበው ሲጠየቁ እየሰማች አደገች። ትምህርት ቤት ገብታ ፈረንሳይኛ ተማረች፤ ኋላም የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነች። እኔ የደረስኩባቸው እዚያ ነው። ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ እኛ ትልልቆቹ ተማሪዎች በየቤታችን ተበተንን። እሳቸው ቀራንዮ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለችው ቤታቸው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ግን የሰፈራችንን ሴት ልጆች እናቶች በየተራ እየጠሩ «ልጅሽን ፈትል ላስተምራት» አሉ። እናቴ ጥጥና እንዝርት አስይዛ ሰደደችኝ።

መፍተሉን በእርግጥ ፈትለናል፤ የኔ ክር ግን እስከ መጨረሻው ቋጠሮ እንደበዛበት ቀረ። እጃችን ሲፈትል አፋችን ይማር ነበር። መጽሐፍ በቤት መገኘቱ አደገኛ ስለነበር ያስተማሩን ባለው ነገር ነው፤ ያኔ ደግሞ በብዛት ያለው ወሬ ብቻ ነበር። ደጃቸውን ገብታ ወሬ ያመጣች ልጅ እንዲሁ አታወራም። ተነስታ ነጠላዋን አደግድጋ እንደ ምስክር ትቆማለች። ሌሎቻችን «ተጠየቂ» እንላለን። ማን ነገረሽ? እሱስ አይቷል? የት ቆሞ? ለምን ሊነግርሽ ፈለገ? ምስክሯ «ተባለ» ካለች የእትዬ አስካለ እንዝርት ይቆማል። እንዝርቱ ቆመ ማለት መልሱ አልበቃም ማለት ነው፤ ከቁጣ የባሰ ያሳፍረን ነበር።

አንድ ቀን ጓደኛዬ አልማዝ እየሮጠች ገባችና ጣሊያን ጓዙን ጭኖ ሊወጣ ነው አለች። በደስታ ተነስተን ተቃቀፍን። እትዬ አስካለ ብቻ አልተነሱም። «ቁሚ» አሏት። ቆመች። የነገራት አጎቷ ነው። አጎቷ በዓይኑ አይቷል፤ አልጋና ፍራሽ የተጫነ ካሚዮን አይቷል። እዚህ ድረስ ጥሩ ምስክር ነበረች። እትዬ አስካለ ቀስ ብለው «ካሚዮኑ ወደ ከተማ የሚገባ ነው የሚወጣ?» አሉ። አልማዝ አታውቅም። ሄዳ ጠይቃ እንድትመለስ ተላከች። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሮ ነበር፤ ካሚዮኑ የሚገባ ነው። ለካ ሰፈሩ በሙሉ እልል ሊል የነበረው ጣሊያን ተጨማሪ አልጋ ስላስመጣ ነበር። ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ግን «የጠላነውንማ ማንም ይጠይቃል። የወደድነውን ወሬ ነው አጥብቀን የምንጠይቀው» አሉን።

ጣሊያኖች በአማርኛ የሚያሳትሙትን ጋዜጣም አንዳንድ ጊዜ ዕቃ ተጠቅልሎበት ከገበያ ይመጣል። እሳቸው ቀደው አይጥሉትም፤ የተጨማደደውን በእጃቸው እያቃኑ ያስነብቡናል። አንዱ ጋዜጣ የሰሜኑ መንገድ ፍጹም ሰላም ነው ይል ነበር። «ጨው በዚህ ሳምንት እንዴት ነው?» አሉ። ተወዷል አልናቸው። «መንገዱ ሰላም ከሆነ ጨው ማን ያዘው?» አሉና ወደ ፈትላቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ያነበብኩ ዕለት ገበያ ሳልጠይቅ አላደርኩም።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ዋጋ የገባኝ በወንድሜ ነው።

ወንድሜ ደምሴ ትምህርት ቤቱ በተዘጋ በማግሥቱ ዓመት ጫካ ገባ። እኛ ከነጋዴ ጋር ጅማ ሄዷል እያልን እናወራ ነበር። እውነቱን የምናውቀው እናቴ፣ እኔና እትዬ አስካለ ብቻ ነን ብለን እናስባለን፤ ሰፈሩ ግን ሞኝ አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ ሽብሩ እትዬ አስካለ ቤት መጡ። እኔ ጓዳ ውስጥ ጥጥ እየባዘትኩ ነበር፤ መኖሬን አላወቁም።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ክፉ ነገር ነው። የዘውዴ ልጅ ደምሴ ወጨጫ ተራራ ሥር ከነጓደኞቹ ወድቋል። መርዶውን ነገ ማለዳ ልንነግራት ነው፣ አንቺም አብረሽን ትሆኛለሽ» አሉ።

ዘውዴ እናቴ ናት። በእጄ የነበረውን ጥጥ አልለቀቅሁትም፤ ጨብጬው ቀረሁ።

እትዬ አስካለ «ነፍሱን ይማር» አላሉም። «ማን አየ?» አሉ።

አቶ ሽብሩ ደነገጡ። በእኛ አገር መርዶ ሲመጣ አይጠየቅም። ከሩቅ የመጣ መርዶ ዝም ተብሎ ይቀበሉታል፤ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ማለዳ ቤተሰቡ ሳይነቃ ይገባል፣ ይለቀሳል። ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ ሐዘንተኛውን መድፈር ነው፤ መርዶ ነጋሪውንም ውሸታም ማለት ነው። «በመርዶ ላይ ምስክር ይጠራል እንዴ?» አሉ በቁጣ።

«ለጠፋች ላም ምስክር ይጠራል። ለሰው ለምን አይጠራም?» አሉ እትዬ አስካለ። «አቶ ሽብሩ፣ ይቆጡኝ፣ ግን ማን ነገረዎት?»

ሽማግሌው ጠጅ የምትሸጠዋ ዘነበች እንደነገረቻቸው ተናገሩ። እትዬ አስካለ መርዶው እሳቸው ሳይመጡ እንዳይነገር ለምነው ሸኟቸው። ከዚያ ጓዳ ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። «ሰምተሻል። አልዋሽሽም፣ ሞቶም ሊሆን ይችላል። ግን እስካሁን ያየ ሰው አልቀረበም። ማልቀስ ከፈለግሽ አልቅሺ፤ መጠየቅ ከፈለግሽ ግን ተነሺ» አሉኝ። ተነሳሁ።

የዳኛ ልጅ ጠጅ ቤት ገባች ተብሎ ለወራት ተወርቷል፤ ይህኛው ወሬ እውነት ነበር። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ብርሌ በያዙ ወንዶች መካከል አልፈው ዘነበችን ወደ ጓሮ ጠሯት። ዘነበች ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች። ደምሴ የሚል ስም ሰምታ ነበር? አልሰማችም። «ረጅም የቀራንዮ ልጅ ወጨጫ ሥር ተገደለ» ነው የሰማችው፤ ረጅም ሲባል የመጣባት ደምሴ ነው። ማን አላት? ለካራቢኔሪ፣ ማለትም ለጣሊያን ፖሊሶች፣ የሚያስተረጉመው ሰው። እሱስ «ረጅም» ብሏል? ዘነበች አሰበች። «እንጃ እትዬ፣ እሱስ የቀራንዮ ልጅ ብቻ ነው ያለው መሰለኝ። ረጅም ያልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለች።

ያን ጊዜ የእትዬ አስካለ ፊት ሲለወጥ አየሁ። «ሌላስ ምን አለሽ?»

«አዘነ። ለቅሶው የማን ቤት እንደሆነ ንገሪኝ፣ እኔም ልድረስ አለ።»

ከዚያ ወጥተን ኮልፌ ሄድን፣ ኑሪ ዘንድ። ኑሪ ጨውና ሽንኩርት በአጋሰስ ጭኖ ከሰበታ እስከ ሆለታ የሚነግድ፣ አራት ቋንቋ የሚናገር፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበር። የዚያን ቀን አልቀለደም። «እትዬ፣ ይህ ሰውዬ ሰበታ መንገድ ላይም እንዲሁ አድርጓል። የዚህ መንደር ልጅ ሞተ ብሎ አስወራ። አንድ ቤት ለቅሶ ተቀመጠ። ሠልስቱ ሳይወጣ ካራቢኔሪ መጥቶ አባትየውን ወሰደ፤ ልጃችሁ ሽፍታ ባይሆን ለምን ታለቅሱለታላችሁ ብሎ። ሞተ የተባለውን ልጅ ደግሞ እኔ ራሴ ወላሂ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ጨው ሸጬለታለሁ» አለን።

መንገዱ ላይ ስንመለስ ነገሩ በሙሉ ተገለጸልኝ። አስተርጓሚው የማንንም ስም አያውቅም ነበር። «የቀራንዮ ልጅ» የሚል ባዶ ወሬ ወረወረ፤ ዘነበች ቁመት ጨመረችበት፤ አቶ ሽብሩ ስም ጨመሩበት። የቀረው እናቴ ጮኻ ቤቱን ማሳየት ብቻ ነበር። በደስታ የእትዬ አስካለን ክንድ ይዤ «እንግዲያስ ደምሴ አለ» አልኳቸው። እሳቸው ቆሙ። «አላልኩም» አሉ። «ወሬው የሐሰት መሆኑን አገኘን። ደምሴ መኖሩን አላገኘንም። ሁለቱን አትቀላቅይ።» በዚያች ደቂቃ ጠልቻቸው ነበር። አንዲት ደግ ቃል ብትወጣቸው ምን ነበረበት? ዛሬ ተማሪዎቼ አንድ ጥፋት አግኝተው መልሱን ያገኙ ሲመስላቸው ያንን ንግግር እደግምላቸዋለሁ፤ እነሱም እንደኔ ይጠሉኛል።

በማግሥቱ ማለዳ አቶ ሽብሩ ቃላቸውን ጠብቀው አልመጡም፤ ወሬ ግን በሴቶቹ በኩል አምልጦ ነበር። ሁለት ጎረቤቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው ደጃችን ላይ ቆሙ። እናቴ አየቻቸው። ማንም ምንም ሳይናገር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና እጇን ወደ ደረቷ አነሳች። እትዬ አስካለ የደረሱት እዚያ ላይ ነው። ሁለቱን እጆቿን ያዙ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ይጠብቁኝ።»

«ልጄ ሞቷል?» አለች እናቴ። «አስካለ፣ አንቺ አትዋሺም። ንገሪኝ።»

«አላውቅም።»

«እንዴት አላውቅም ትይኛለሽ?»

«ሞተ የሚሉ አሉ፣ ያየ ግን የለም። አለ የሚልም ያየ የለም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ እዚህ ቤት ከተለቀሰ ካራቢኔሪ ይመጣል። ልጅዎ ካለ ለእሱም ነው፣ ለዚችም ልጅ ነው።» እኔን እያሳዩ ነው።

እናቴ «ታዲያ ይህን እንባ የት ላድርገው?» አለች።

እትዬ አስካለ ዙሪያቸውን ቃኙ። ኑሪ ማታ የላከልን አንድ ቁና ሽንኩርት ጥግ ላይ ተቀምጧል። አንስተው ደጅ አወጡት፣ ቢላዋ አመጡ፣ እናቴን አስቀመጧት፣ ነጠላ የዘቀዘቁትንም ጎረቤቶች ነጠላቸውን አስተካክለው እንዲቀመጡ አዘዙ። «ይክተፉ» አሉ። ሁላችንም ሽንኩርት መክተፍ ጀመርን። እናቴ አለቀሰች፣ ሳትጮህ፣ ትከሻዋ እየተነሳ እየወደቀ፣ ማንም ሳይከለክላት አለቀሰች። እኛም አለቀስን። ያን ያህል ሽንኩርት ለሠርግ እንኳ ሲከተፍ አላየሁም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል አስተርጓሚው በመንገዱ መጣ፤ ኮት የለበሰ፣ ትሑት አነጋገር ያለው ሰው። አጎንብሶ ሰላም አለ። ዓይኑ ግን ሁላችንንም ያያል። «ሐዘን አለ ተብዬ ነበር፣ ልድረስ ብዬ ነው» አለ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። እንባዋ እየወረደ፣ ድምፅዋ ሳይሰበር «ሐዘን የለም ጌታዬ፣ ሽንኩርት ነው» አለችው።

እትዬ አስካለ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ግራ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ምነው ዝም ባሉ ብዬ ጸለይኩ። አላሉም። «ለመሆኑ ሐዘን አለ ብሎ ማን ነገረዎት?»

«ሰዎች።»

«የትኞቹ ሰዎች ናቸው? ቤታችንን ሐዘን ብለው የሚጠሩብንን ብናውቃቸው ጥሩ ነበር።»

ሰውዬው ሰው ሲጠይቅ እንጂ ሲጠየቅ የኖረ አይመስልም ነበር። «ተሳስቼ ይሆናል» አለና ሄደ። ተመልሶ ደጃችን አልመጣም። ከዓይናችን እስኪጠፋ ድረስ ቢላዋዎቹ አልቆሙም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር። እናቴ ልጇ ይኑር ይሙት ሳታውቅ ኖረች። አንዳንድ ቀን እትዬ አስካለ ላይ ትቆጣለች፤ «አልቅሼ እንዳይወጣልኝ ከነሕልሜ ተውሽኝ» ትላቸዋለች። እሳቸው አይከራከሯትም፤ መጥተው አብረዋት ይፈትላሉ። ከገበያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ግን ይጠይቁ ነበር፤ ረጅም ልጅ አይተሃል፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር። ያገኙትን ሁሉ ለእናቴ ይነግሯታል፤ የማይረባውን የማይረባ ነው ብለው፣ ሊረባ የሚችለውን ሊረባ ይችላል ብለው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ አርበኞቹ ጎፈሬያቸውን አጎፍረው ሲገቡ ደምሴ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ተሰማ የሚባል፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ልጅ ቤታችንን ጠይቆ መጣ። ከደጃፉ ሲቆም እናቴ ምን ሊል እንደመጣ ገባት። «ቆይ፣ አትናገር» አለችውና እኔን እትዬ አስካለ ዘንድ ላከችኝ። እሳቸው መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። «አሁን ተናገር ልጄ» አለች።

ደምሴ የሞተው በክረምት ነው፤ ከዚያ ከሽንኩርቱ ቀን ዓመት ያህል ዘግይቶ። ተሰማ አብሮት ነበር። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ «ስለዚህ ያን ቀን ልጄ በሕይወት ነበር» አለች።

«ነበር እናቴ፤ ደኅና ነበር።»

እናቴ ወደ እትዬ አስካለ ዞረች። «በቁሙ ለቅሶ አልተቀመጥኩበትም» አለቻቸው። «ልጄን በቁሙ ሳልቀብረው ቀረሁ። እግዜር ይስጥሽ።» በሕይወት ላለ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ለእናቴ ሟርት ነበር። ያን ቀን ጮኻ ለቅሶ ብትቀመጥ ኖሮ በክረምት የገደለችው ራሷ እንደሆነች አምና ትሞት ነበር። ይህን የማውቀው ራሷ ስለነገረችኝ ነው።

እትዬ አስካለ ግን ጥያቄያቸውን አልጨረሱም። የት ቀበራችሁት? ከወንዙ በየት በኩል? ዛፉ ምንድን ነው? ዛፉ ብዙ ነው ወይስ ለብቻው? ራሱ በየት ዞሯል? በምን ከደናችሁት? ከላይ ምን አስቀመጣችሁ? ተሰማ ይመልሳል፤ እሳቸው ደግመው በሌላ በኩል ይጠይቃሉ። በመጨረሻ ልጁ ተቆጣ፤ ዓይኑም ቀላ። «እትዬ፣ ጓደኛዬን በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት። አያምኑኝም?»

እሳቸው እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አደረጉ። «አምንሃለሁ ልጄ። ገና ስትገባ አምኜሃለሁ። አንተ በዚህ እግርህ ተራራ አትወጣም፤ የምጠይቅህ እናቱ ሄዳ እንድታገኘው ነው።»

አገኘነው። ኑሪ በቅሎ ሰጥቶን፣ አቶ ሽብሩ ሽማግሌዎችን ይዘው፣ እትዬ አስካለ ከፊት ሆነው የተሰማን ቃል እንደ ጸሎት በአፋቸው እየደገሙ ወጣን። ወንዙን ተሻግሮ፣ በስተግራ፣ ለብቻው የቆመ ወይራ፣ ከሥሩ ሦስት ጥቁር ድንጋይ። ወንዶቹ ቆፈሩ። ከደምሴ አጽም ጋር እናቴ ራሷ ጥለቱን ያስጠለፈችው ጋቢ ቅዳጅ ወጣ። እናቴ ተንበርክካ ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ እትዬ አስካለ ቀና አደረገች፣ ፈቃድ የምትጠይቅ ይመስል።

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ። «እሱ ነው፣ እትዬ ዘውዴ። አሁን ያልቅሱ» አሉና፣ እናቴን ሳይጠብቁ፣ እሳቸው ቀድመው ጮኹ።